መስተዋቷ ለጠቆረው ላንድሮቨርና ውስጧ አልነበሩም ለተባሉት ሹም

ለክቡር ግራዝማች ሰይፉ፣
የቆላው ገበያና ጎዳና ሥርዓት አስከባሪ ሹም፣
ባሉበት (መኪናው ውስጥ ይሁኑ ውጭ፣ ከእኛ በኩል ስለማይታይ)።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ የከበረ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ ከጫማዎ ሥር ሆኜ እጠይቃለሁ። የሮቢት ፀሐይ እኛን እንደ በቆሎ እሸት ስትጠብስ እርስዎን ሳታገኝዎ እንድትውል፣ ላብ የሚባለው የደሃ በሽታ ደጅዎን እንዳይረግጥ፣ ወደ ላይ ሲወጡም የጣርማ በር ብርድ እንዳይደፍርዎ ዘወትር እመኛለሁ። የእኔን ጤና ከጠየቁኝ፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ጊዜ አንሥቶ ይንቀጠቀጣል፤ ወረቀቱ ያረፈው ደግሞ ጉልበቴ ላይ ነው። ስለዚህ ፊደሎቹን ተጣመው ቢያገኟቸው ከአክብሮት ብዛት ነው ብለው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት፣ በንስሐ አባቱ ፊት እንደቆመ ሰው ራሴን ዝቅ አድርጌ አንድ ኃጢአት እናዘዛለሁ። ባለፈው የገበያ ቀን ላንድሮቨርዎ በወፍጮ ቤቱ ጥግ ብቅ ባለች ጊዜ፣ ነጋዴው ከሚዛኑ፣ ገበሬው ከአህያው፣ ሽማግሌው ከጥላው ተነሥቶ፣ ሁሉም እንደ ደንቡ ነጠላውን አደግድጎ መሬት መሬት እያየ ሲያጎነብስ፣ እኔ አላጎነበስኩም። ለመዳፈር አልነበረም፤ ይህን በመድኃኔ ዓለም እምላለሁ። ጉንጬ ሙሉ ፓፓያ ነበር፤ ባጎነብስ በአፍንጫዬ ይወጣ ነበር። ከሁለት ነውር ትንሹን መርጬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ማን እንደሆንኩ ለማወቅ ይጓጉ ይሆናል። ለደኅንነቴ ሲባል የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ እንደሆንኩ አድርገው ይያዙልኝ። ጢሜ ነጭ ነው፣ ምርኩዝ አለኝ፣ ጥርሶቼም ከረገፉ ቆይተዋል፤ ፓፓያ የምወደውም ለዚሁ ነው። በእጅ ጽሑፌ ላይ የትምህርት ቤት ልጅ ሽታ ካገኙበት፣ አፍንጫዎን አይመኑት።

ታዲያ ያን ኃጢአት የሠራሁበት ቅጽበት ክፉ ቅጽበት ሆነና እህል ውኃ ከለከለኝ። የሆነውን ክቡርነትዎ ያውቁታል፤ ወይም በጽሕፈት ቤትዎ አነጋገር አያውቁትም፤ እኔ ግን ለማያውቅ አንባቢ ስል ልናገረው። ላንድሮቨሯ እንደ ደነበረ በሬ ከመንገድ ወጥታ የጀይላንን ልጅ ሐጂራን ገጨቻት። ሐጂራ ከመንገዱ ዳር ፓፓያዋን ዘርግታ ትሸጥ ነበር። እሷም እንደሌላው ሰው ከተቀመጠችበት ተነሥታ አጎንብሳ ነበርና የምትመጣባትን መኪና አላየችም። ቀና ብላ ቢሆን ኖሮ ዘልላ ታመልጥ ነበር፤ ፍየል ስታግድ ያደገች ልጅ ናት። አሁን የቀኝ እግሯ በወጌሻ ታስሮ ተኝታለች፤ አጥንቱ እንዴት እንደሚገጥም ወጌሻው ራሱ ለመናገር ፈርቷል። ሾፌርዎ በቀለ ደግሞ «የገጨኸው አንተ ነህ» ተብሎ በጽሕፈት ቤትዎ የእህል መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል። ሰኞ ወደ ደጋው ችሎት ይወሰዳል። ትልልቆቹ ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ እሱ ተፈቶ እስኪመለስ ልጁ ጢም አብቅሎ ይጠብቀዋል። ልጁ ደግሞ ገና አልተወለደም፤ የሚስቱ የወይንሸት ወሯ የገባው አሁን ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ለእኛ የዋሉልንን ውለታ በተራ በተራ እዘረዝራለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ፀሐይ። መስተዋትዎን ማጥቆር ያስፈለገው «የቆላ ፀሐይ የሹም ዓይን ታጠፋለች» በማለት እንደሆነ በገበያ በጡሩምባ አስነግረውናል፤ እናመሰግናለን። ፀሐይ ለሰው አታደላም እያልን ስንጽናና ለኖርን ሰዎች ትልቅ ትምህርት ነው። ለዚህ ጥላ የደከሙትን ድካምም አንረሳውም። መጀመሪያ ከባለቤትዎ እልፍኝ አበባ ያለበት መጋረጃ መጣ፤ የሮቢት ነፋስ መጋረጃውን በመስኮት አውጥቶ ሲያውለበልበው መኪናዋ የሙሽራ መኪና መስላ ሴቶች እልል አሉባት። ቀጥሎ እኛ ተማሪዎች (የሰማንያ ዓመት ተማሪዎች ማለቴ ነው) ደብተር የምንለብድበት ሰማያዊ ወረቀት በሙጫ ተለጠፈ። ሙቀቱ ሙጫውን አቀለጠውና ወረቀቱ ተገንጥሎ ከአንገትዎ ላይ ተጣበቀ፤ አንገትዎም ሰማያዊ ሆኖ ሰነበተ። ሽማግሌዎቻችን እርስ በርስ ተያይተው «አዲስ የሹመት ምልክት ይሆናል» ብለው ያንንም አከበሩት። በመጨረሻ በቀለ በትእዛዝዎ ጥላሸት ከቫርኒሽ ጋር በጥብጦ የጎኑንም የኋላውንም መስተዋት ደጋግሞ ቀባው። የፊተኛውንም ቀብቶ፣ ለሚነዳውና ከጎን ለሚቀመጠው ሰው ዓይን ብቻ አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ተወለት። ምስኪን በቀለ! ሊያድነው ይችል የነበረውን መስተዋት በገዛ እጁ አጠቆረው።

ሁለተኛ፤ ስለ ምስጢር። «ሹም ሲያስብ መታየት የለበትም» ብለዋልም ተብሏል፤ ይህም ልክ ነው። ችግሩ እርስዎ ውስጥ ሆነው ሲያስቡና እርስዎ በሌሉበት በግ ሲያስብ ከውጭ ሆነን መለየት አለመቻላችን ነው። እትዬ አበራሽ ጎረቤታቸው አጥሩን እየገፋ ወደ ጓሯቸው ስለገባባቸው ሲያለቅሱ ከርመው፣ አንድ ቀን ላንድሮቨሯን ከሱቃችን ፊት ቆማ ያገኟታል። ወዲያው እንደ ጥንቱ ደንብ ድንጋይ ተሸክመው ከጥቁሩ መስተዋት ፊት ተንበረከኩና «አቤት!» አሉ። ከቅድመ አያታቸው ጀምረው፣ አጥሩ መጀመሪያ የቆመበትን የግራር ግንድ ሳይቀር እየጠሩ ተናገሩ። ከውስጥ መልስ የለም። «እያሰላሰሉ ነው» አሉን ዘወር ብለው። ጥቂት ቆይቶ ከመስተዋቱ ማዶ በግ ጮኸ። እትዬ አበራሽ ደነገጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጌታዬ፣ ጉንፋን ይዞዎታል መሰለኝ፤ ዝንጅብል ላፍላልዎ?» አሉ። በቀለ ከማዶ ሲጋራ ገዝቶ ሲመለስ፣ «እትዬ፣ በጉ ለእሑድ ነው፤ ፍርድ አይሰጥም» አላቸው። እትዬም ድንጋዩን ሳያወርዱ፣ «ምን ቸገረኝ ልጄ፤ እስከ ዛሬ አቤት ካልኳቸው ሁሉ አስጨርሶ የሰማኝ እሱ ብቻ ነው» ብለው መለሱለት።

ሦስተኛ፤ ስለ ዝምታ። ይህን ስጽፍ እንደ ላይኛው አልስቅም። አንድ ቀን የላንድሮቨሯ ውኃ ፈልቶ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቆማ ዋለች፤ በቀለም ጀሪካን ይዞ ወደ ሮቢ ወንዝ ወረደ። ውስጧ ማንም አልነበረም። ግን ማን ያውቃል? ወረፋ የያዙት ሴቶች ወሬያቸውን እንደ ክር በጠሱት። ስለ ትንባሆ ዋጋ ሲያማርር የነበረ አንድ ገበሬ መሃል ላይ ቃሉን አጠፈና፣ ወደ መኪናዋ ዞሮ፣ «ዝናቡስ ቢሆን በክቡርነታቸው ዘመን እንዴት ያማረ ነው!» አለ። ዝናብ ካየን ወራት ሆኖን ነበር። ሁላችንም አቧራ እየዋጥን «ያማረ ነው! ያማረ ነው!» አልን። ያን ዕለት ወፍጮው ብቻ ነበር እንደልቡ የሚናገረው።

ከዚያ ወዲህ ያቺ መኪና ስታልፍ አፌን ብቻ ሳይሆን ሐሳቤንም እዘጋለሁ። ጅብ እንኳ፣ ክቡር ሆይ፣ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ሲያይዎ ዓይኑ ያበራል፤ የት እንዳለ ያውቃሉ፣ ወዴት እንደሚሮጡም ያውቃሉ። ጅብን ደግ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አራተኛ፤

አራተኛውን አሁን አልጽፈውም። ድፍረት ስትመጣልኝ እመለስበታለሁና አምስተኛው ይቅደም።

አምስተኛ፤ ስለ መግለጫው። «በዚያን ዕለት ክቡርነታቸው በመኪናው ውስጥ አልነበሩም» የሚለው የጽሕፈት ቤትዎ ቃል ተነግሮ ሰምተናል። የሐጂራ አባት ጀይላን ግን ጆሯቸውን አላመኑም መሰለኝ ከጽሕፈት ቤቱ መስኮት ሥር ሄደው ቆሙ።

«አልነበሩም?» አሉ።

«አልነበሩም» አላቸው ጸሐፊዎ።

«ወላሂ?»

«አልነበሩም ተባልክ እኮ፣ ሰውዬ!»

ጀይላንም፣ «እንግዲያውስ ልጄን ጨምሮ ያ ሁሉ ሰው ያጎነበሰው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁት።

ጸሐፊው ይህን የሚመልስ ወረቀት ፈልጎ ስላጣ መስኮቱን ዘጋው። እኔ ግን ጥያቄው ከመስኮቱ ውጭ ቀርቶ እስከ ዛሬ በገበያው ሲዞር አየዋለሁ፤ ጮክ ብሎ የሚደግመው ግን የለም።

ከዚያ ምስክር ተፈለገ። ገበያ ሙሉ ሰው በቦታው ነበረ፤ ይህን ያህል ሕዝብ ባለበት ምስክር መጥፋቱ በሌላ አገር ቢነገር አይታመንም። እኛ ጋ ግን ሁሉም አጎንብሶ ነበር። አንዱን «ማን ሲነዳ አየህ?» ቢሉት አቧራውን አየሁ ይላል፣ ሌላው ጉንዳን አየሁ ይላል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ሦስት የተከበሩ ባለሱቆችን መርጦ፣ የሱቃቸውን ፈቃድ የሚያድሰው እርስዎ መሆንዎን በትሕትና አስታውሶ፣ «በቀለ ሲነዳ በዓይናችን በብረቱ አይተናል» ብለው ሰኞ እንዲምሉ ጠየቃቸው። ከሦስቱ አንዱ አባቴ ነው። (አዎን፣ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌም አባት ይኖረዋል፤ የቆላ ሰው ዕድሜው ረጅም ነው።) አባቴ የዚያን ዕለት በዓይኑ በብረቱ ያየው የገዛ ጫማውን ነው። የግራው ማሰሪያ ተፈትቶ እንደነበር እንኳ ያስታውሳል።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ሰምተን አድገናል፤ እሺ ብለንም አድረናል። «መስተዋቷ የጠቆረ ላንድሮቨርም አትከሰስ» የሚል ግን ከአያቶቻችን አልሰማንም። አዲስ ተረት ከሆነ እንድንለማመደው ጊዜ ይስጡን።

እንግዲህ አራተኛ።

ድፍረት አልመጣችም፤ መምጫዋም አይታወቅም፤ ሰኞ ግን መምጣቱ አይቀርም። ሐሰተኛ ዕድሜ የሰጠ ምስክር ስለማይታመን፣ ምርኩዜን ጥያለሁ፣ ጢሜን ተላጭቻለሁ፣ ዕድሜዬንም ወደ ዐሥራ አምስት አውርጃለሁ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆንኩ ሴት ልጅ ነኝ። ፓፓያው ከሐጂራ የገዛሁት ነበር፤ የቆምኩትም ከእሷ ጥቂት ራቅ ብዬ ነበር። ያየሁት ይህ ነው።

ላንድሮቨሯ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ስትወጣ ትዘላለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትዘላለች። ትልልቆቹ ስለ ካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲያወሩ ቤቱ እንዴት እንዳደረገው በእጃቸው የሚያሳዩትን መሰለችኝ። በመሪው በኩል፣ በአራት ጣቱ ክፍተት፣ የወርቅ ክፈፍ ያለው መነጽር አየሁ። በዚህ ቆላ የወርቅ መነጽር ያለው አንድ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ደብዳቤው የተጻፈው ለእሱ ነው። መሪ በሌለበት በኩል ደግሞ የበቀለን ዓይኖች አየሁ፤ እንቁላል አክለው ነበር። እጁን ወደ መሪው ሲዘረጋም አየሁ። አልደረሰበትም።

ከዚያ የሐጂራ ፓፓያ መንገዱ ላይ ተንከባለለ። ሰዉ ጩኸቷን ሰምቶ ቀና ሲል መኪናዋ ቆማ፣ በቀለ ወርዶ ልጅቷን አቅፎ ወደ ወጌሻው ሲሮጥ ነበር። ሌላ ማንም አልወረደም። ሁሉም ያየው ያንን ስለሆነ፣ ያቀፋት ሰው የገጫት ሰው ሆኖ ቀረ።

መስተዋቱ ለፀሐይ እንዳልጠቆረ ያኔ ገባኝ። ለምስጢርም አልነበረም። የአጎትዎ ልጅ ከደሴ በመጣ ቁጥር ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ራሱ እየነዳ በገበያው መሃል ማለፉ እንዳንገበገበዎ የማያውቅ የለም። በዚህ በተከበረ ዕድሜዎ መንዳት ሊማሩ ፈለጉ፤ ሲማሩ ግን መታየት አልፈለጉም። በቀለ አንድ ጊዜ ከሱቃችን ሻይ እየጠጣ፣ «ጌታዬ ክላች ከምትባል ሴት ጋር ተጣልተዋል፤ ሽማግሌ ብልክም አልታረቁም» ብሎ አስቆን ነበር። ያኔ የቀለደ መስሎኝ ነበር። መማር ነውር አይደለም፣ ክቡር ሆይ። እኔም ሒሳብ ስማር ሰው ሁሉ እያየኝ እሳሳታለሁ፣ ይሳቅብኛልም፤ እስካሁን ግን የሰው እግር አልሰበርኩም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። መነጽሩም አየኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ ነፋስ እንደመታው ማሽላ ሲተኛ፣ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው አገዳ እኔ ብቻ ነበርኩ። መስተዋቱ የጠቆረው ለእኛ እንጂ ለእርስዎ አይደለም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤት የምሄደው በጓሮ በኩል ነው። ወይንሸት ለእትዬ አበራሽ እንደነገረቻቸው፣ በቀለ በተያዘበት ቀን «እኔ አልነዳሁም» ብሎ ተናግሯል። አንድ ጊዜ ብቻ። ዘበኞችዎ ገብተው ካነጋገሩት በኋላ አልደገመውም፤ ምሳ ስትወስድለትም በአንድ ወገን ብቻ ያኝካል አሉ።

ለአባቴ ነገርኩት። ጨው እየመዘነ ነበር።

«መነጽሩን አይቻለሁ» አልኩት።

«የምን መነጽር?»

«የወርቁን። መሪው ጋ።»

«ፀሐይ ነው ያንጸባረቀብሽ።»

«አባዬ፣ ፀሐይ ጆሮ ላይ አይንጠለጠልም።»

ሚዛኑን አስቀመጠና ወደ ደጅ አየ፤ መንገዱ ባዶ ነበር። ቢሆንም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አየሁ የሚል አፍ ሱቅ አይከፍትም፣ ልጄ። ያየሽውን አላየሽም። ሰማሽ?»

«ሐጂራስ?»

«ትድናለች። ልጅ ናት፤ የልጅ አጥንት ቶሎ ይገጥማል።»

«በቀለስ?»

«የበቀለን እግዜር ያውቅለታል።»

«እግዜርማ አያጎነብስም፤ አይቷል» አልኩት።

በጥፊ ይመታኛል ብዬ ጉንጬን አዘጋጀሁ። አልመታኝም። የመዘነውን ጨው ወደ ጆንያው መልሶ እንደገና መመዘን ጀመረ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሌሎቹም ሽማግሌዎች አይደሉም። ቀልጄባቸው ይሆናል፤ ግን ወገባቸው የታጠፈው ዛሬ አይደለም፤ እኔ ስወለድም ታጥፎ ነው የጠበቀኝ። ይህን ሁሉ የምጽፈው እሱ ሰኞ የሚምለውን መሐላ ሊያጠና ወደ ጽሕፈት ቤትዎ በተጠራበት ሰዓት፣ ሰዉ ሙቀት ሸሽቶ በተኛበት እኩለ ቀን፣ ከጨው ጆንያዎቹ ጀርባ ተደብቄ ነው።

ልመናዬ ጥቂት ነው። በቀለን ይፍቱት፤ ልጁ ሲወለድ ቤቱ ይገኝ። ሦስቱን ባለሱቆች ያላዩትን ከማየት ያድኗቸው። ለሐጂራም መግለጫ አይላኩላት፤ ራስዎ ሄደው የወደቀችበትን ቦታ ቢያዩ፣ ፓፓያው የፈሰሰበት መሬት ዝንብ እንደወረረው ነው። ይህ ሁሉ ለክብርዎ የሚከብድ ከሆነ ደግሞ፣ መስተዋቱ እንደጠቆረ ይቆይ፣ ማጎንበሱን ብቻ ያስቀሩልን። እርስዎ ሲማሩ እኛም ቢያንስ እያየን እናምልጥ።

ለደግነትዎ፣ ለትዕግሥትዎና ገና ላልተለቀቀው ክላችዎ ጥልቅ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ከጫማዎ ሥር፣ ከጎማዎ ግን በጣም ራቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ታዛዥዎ፣ አክባሪዎና አንድ ጊዜ ብቻ ያላጎነበሰች አገልጋይዎ፣
ስሟን ለጊዜው የረሳች፤
ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፤ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በወፍጮ ቤቱ በር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላምና በመስጊዱ አጥር ላይ እለጥፋለሁ። ዋናውን ግን ከላንድሮቨርዎ የጎን መስተዋት ላይ ለመለጠፍ አስቤአለሁ። የትምህርት ቤታችን ጥቁር ሰሌዳ ተሰነጣጥቋል፤ በከተማችን ከዚህ የለሰለሰ ሌላ ሰሌዳ የለም።

ሌላ ማሳሰቢያ፤ መምህራችን ስለ ችሎት ሲያስረዱን ስም የሌለው ምስክር ቃሉ አይያዝም ብለውናል። እውነት ከሆነ ይህ ሁሉ ገጽ ለበቀለ ከባዶ ወረቀት አይሻልም። ስሜን ልጽፍ ሞከርኩ። የመጀመሪያውን ፊደል ጻፍኩና ሰረዝኩት። ደግሞ ጻፍኩና በጣቴ አጠፋሁት፤ ቀለሙ ተጨማልቆ ያዩታል። ሰው የገዛ ስሙን እንዲህ ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም። አንድ ጊዜ ደግሞ ልሞክ

ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከውጭ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። በመዝጊያው ስንጥቅ እያየሁ ነው የምጽፈው። ላንድሮቨሯ ናት። ትዘላለች፣ ትቆማለች፣ ትዘላለች። በቀለ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ጽሕፈት ቤትዎም «ከበቀለ በቀር መንዳት የሚያውቅ ሰው የለንም» ብሎ አስነግሯል። ታዲያ ይህችን ማን አመጣት? ሞተሯ ከሱቃችን ፊት ጠፋ። የተኛው ሁሉ ተነሥቶ ከየበሩ ወጥቷል፤ መንገዱ በሙሉ አጎንብሷል። እትዬ አበራሽ አጎንብሰዋል። ወፍጮ ቤቱ አጎንብሷል ማለት ይቻላል። ጀይላን ብቻ ከወጌሻው በራፍ ቆመው ቀጥ ብለው ያያሉ፤ ዓይናቸውን ከመስተዋቱ ላይ አልነቀሉም። ለካ የጎኑ መስተዋት ከተቀባም ወዲህ ይከፈታል። እየተንሸራተተ ነው። እጅ ወጣ፤ መነጽሩም ወጣ። ልጽፈው ያቃተኝን ስሜን እርስዎ ጠሩት፤

«ሮማን ካሳሁን!»